ፊልም አይቼ ሙያ ብመርጥ ሞኝነት ነው ወይ ላልሽኝ

ሰላም ከአዳማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ወረፋ የያዙ ሌሎች ጥያቄዎች ነበሩ ግን ያንቺን ካነበብኩ በኋላ ማሳደር አልቻልኩም። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፣ ልጅቷ በሶሻል 12ኛን ጨርሳ የማለፊያ ውጤት አምጥታለች፣ አርኪዮሎጂ (የጥንት ቅርስ ቁፋሮና ጥናት) መማር ነው የምትፈልገው፣ ፍላጎቱ የመጣላት ደሞ ስለ ጥንቱ ሮምና ግሪክ የሚያወሩትን ግላዲያተርና ትሮይ የሚባሉ ፊልሞች ደጋግማ በማየት ነው። አባቷ አካውንቲንግ ይላሉ፣ ዋሽንግተን ያለው አጎቷ አይቲ ካልሆነ እጄን አልዘረጋም ብሏል። በዚህ ላይ አንድ ጓደኛዋ እነዚህ ፊልሞች እኮ አብዛኛው ፈጠራ ነው ሲላት "ታዲያ እኔ የወደድኩት ውሸት ነው?" ብላ ተጨንቃለች።

ጓደኛሽ አልዋሸሽም። ግላዲያተር እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ማክሲመስ የሚባለው ጄኔራል ፊልሙ የፈጠረው ሰው ነው። የፊልሙ ክፉ ንጉሥ፣ ሮማዊው ኮሞደስም ቢሆን አባቱ በ180 ሲሞት ከ177 ጀምሮ አብሮት እየገዛ ነበር፣ የሞተውም አሬና (የግላዲያተሮቹ የፍልሚያ ሜዳ) ውስጥ ሳይሆን በ192 መጨረሻ ላይ መርዝ አብልተውት ሲያስመልሰው ጊዜ ናርሲሰስ የሚባል የትግል ስፖርተኛ አንቆ ገድሎት ነው። ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ የተሸነፈው ይገደል የሚባልበት አውራ ጣት ወደ ታች ምልክትስ? ዳይሬክተሩን ሪድሊ ስኮትን ወደ ፊልሙ የሳበው ዤሮም የሚባል ፈረንሳዊ በ1872 የሳለው ስዕል ነው፣ የጥንቶቹ ጽሑፎች ግን አውራ ጣት ማዞር ይላሉ እንጂ ወደ ታች ይሁን ወደ ላይ አይነግሩንም። ትሮይ ላይ ደሞ አማልክቱን ከሞላ ጎደል አስወጥተው አስር ዓመት የፈጀውን ጦርነት በጥቂት ሳምንት ጨረሱት፣ በግሪኮች ትረካ ለትሮይ ሊዋጋ የመጣው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖንም የለበትም (የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የዛሬው ካርታ ባይሆንም)።

አሁን ወደራስሽ ተመለሺ። ጓደኛሽ እንደዛ ሲልሽ ምን አደረግሽ? "እውነቱ የቱ ነው ብዬ ስፈልግ ሌሊቱ ነጋ" ብለሽ ጽፈሽልኛል እኮ! ሙያው ይሄው ነው እህቴ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ብዙ ሰው ፊልሙን አይቶ ተደስቶ ይተኛል፣ አንቺ ግን ይሄን ማን ጻፈው፣ በምን አወቁ ብለሽ ጠየቅሽ። በየት በኩል እንደገባሽ ማንም አይጠይቅሽም፣ በፊልም የጀመሩ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ውጤት ስለመደባቸው ብቻ ከገቡት ይልቅ እነሱ ናቸው የሚጸኑት።

ደሞ ምንጮቹን ስታገኚ ፊልሙ ራሱ ያንስብሻል። ካሲየስ ዲዮ የሚባለው የሮም ሴኔት አባል ኮሞደስ አሬና ገብቶ ሲጫወት ከሚያዩት አንዱ ነበር። ንጉሡ ሰጎን ገድሎ አንገቷን ቆርጦ በግራ እጁ ጭንቅላቷን፣ በቀኙ ደም የነካ ሰይፉን ይዞ ወደ ሴናተሮቹ መጣ፣ ምንም አልተናገረም፣ ብቻ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። ሴናተሮቹን ከቁጭት ይልቅ ሳቅ ነበር ያስቸገራቸው፣ ቢስቁ ደግሞ እዛው ያልቃሉ፣ ስለዚህ ዲዮ ከራሱ አክሊል ላይ የሎረል ቅጠል ቀጥፎ ማኘክ ጀመረ፣ አጠገቡ ያሉትንም እንደዛው አድርጉ አላቸው፣ አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ሳቁ እንዳይታወቅባቸው። ይሄ ፊልሙ ላይ የለም።

ወደኛ ስትመጪ ደሞ ይብስ ይገርማል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሥ ጀስቲንያን ወደ አክሱም የላከው መልእክተኛ ንጉሡን እንዴት እንዳየው ማላላስ የሚባል ጸሐፊ አቆይቶልናል። ንጉሡ አራት ዝሆን የሚጎትተው በወርቅ የተለበጠ ባለ አራት ጎማ ከፍ ያለ ሰረገላ ላይ ቆሟል፣ ከወገቡ በላይ ልብስ የለውም፣ እጁ ላይ የወርቅ አምባር፣ ትንሽ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ሁለት ጦር ይዟል፣ መኳንንቱ ከበውታል፣ ዋሽንት የሚነፉም አሉ። የዚህን ንጉሥ አገር ሆሊውድ ዞር ብሎ አላየውም። ይሄን ቆፍሮ፣ አንብቦ ለዓለም የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፣ አንቺ አካውንቲንግ ገብተሽ ይሄን እንድትተዪው ልመክርሽ አልችልም።

የፊልም አማካሪ ልሁን ያልሽውን ግን ዋና እቅድሽ አታድርጊው። ግላዲያተርን ያማከረችው የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ካትሊን ኮልማን ናት፣ በውጤቱ ስላልተስማማች አማካሪ ተብላ እንዳትጠቀስ ጠይቃለች። ሰሚ የሚገኝበት ሥራ አይደለም።

ብሩን ልንገርሽ። የሙዚየምና የቅርስ መሥሪያ ቤት ደሞዝ ትንሽ ነው፣ ቁፋሮ ደሞ በሲዝን ነው። እኔ ታሪክ ተምሬ ሙዚየም እየሠራሁ ኑሮዬን የደጎምኩት አስጎብኚ ሆኜ አክሱምና ላሊበላ በመመላለስ ነበር፣ ኮቪድና ጦርነቱ ሲከታተሉ ያ ገቢ ቀጥ አለ። ስለዚህ ዲግሪው ብቻውን አይበቃሽም፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ ግዕዝ ተማሪ፣ የካርታ ሥራ ማለትም ጂአይኤስ ጨምሪ። የኢዛና ጽሑፍ በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ነው የተቀረጸው፣ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ዓመታት የሚለፋበትን ግዕዝ አንቺ ሰፈርሽ ካለ የአብነት ትምህርት ቤት መጀመር ትችያለሽ።

አጎትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ዶላር መላክ ትልቅ ውለታ ነው፣ ግን ያንቺን የዕድሜ ልክ ሥራ የመምረጥ መብት አይሰጠውም። በመንግሥት ከተመደብሽ ትምህርቱ በኮስት ሼሪንግ ነው፣ ተመርቀሽ ነው የምትከፍዪው፣ ስለዚህ አልረዳም ቢልም ትማሪያለሽ፣ የሚቀርብሽ የኪስ ብርና ላፕቶፕ ነው። አባትሽ አካውንቲንግ ዋስትና ነው ይላሉ፣ አካውንቲንግ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች ግን ሁሌ ይጽፉልኛል። አክብረሽ አስቀምጫቸውና አራቱን ዓመት እንዴት እንደምትኖሪ፣ ከዛ የት የት እንደምታመለክቺ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው፣ ወላጅ ሕልም ሲነግሩት ይፈራል፣ እቅድ ሲያይ ግን ይደራደራል።

እናትሽ ሴት ልጅ በረሃ ለበረሃ ላሉት፣ ቁፋሮ በቡድን ነው የሚኬደው፣ ሴት ባለሙያዎችም አሉ። ያሳሰበሽ እንግሊዝኛሽ ደሞ ሲነበብ ይሻሻላል፣ ዲዮ ራሱ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ኦንላይን በነጻ አለ፣ ከሱ ጀምሪ።

ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት ቅዳሜ አዲስ አበባ ነይና ብሔራዊ ሙዚየምን እዪ፣ የአክሱም ሳንቲሞች አሉ፣ አስጎብኚዎቹን አርኪዮሎጂ የተማረ ማን አለ በያቸውና አግኝተሽ ስለ ሥራው በደንብ ጠይቂው። ከዛ አንደኛ ምርጫሽን አርኪዮሎጂ አድርጊና ጻፊልኝ።