አባባ «ደህና ነኝ» ሲሉ፦ በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ አረጋውያንን ስለ መጦር ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የማስታምም ነርስ ነኝ። ካስታመምኳቸው ውስጥ የአሜሪካ ጦር አባላት የነበሩ አሉ፤ ጥቂቶቹም የእኛው ሰዎች ናቸው። ስለ እነርሱ ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን እመልሳለሁ። «ቪኤ» የምለው የአገሩን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።

ሲስተር፣ አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ የሚታከሙት በቪኤ ነው። መርሳት ጀምረዋል፤ መታጠቢያ ቤትም ወድቀው ነበር። እኔና ባለቤቴ ሠራተኞች ነን። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ማስገባት ደግሞ ነውር ሆነብን።

ነውሩን ለጊዜው እናቆየው፤ ገና እዚያ አልደረሳችሁም። በቪኤ የሚታከም ሰው ሁኔታው የሚጠይቅ ከሆነ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ረዳት ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ሐኪምና ነርስ ቤት የሚመጡበት አገልግሎትም አለ፤ አስታማሚው እንዲያርፍ በዓመት እስከ 30 ቀን ድረስ ተተኪ ይሰጣል። ጥያቄው የሚቀርበው ለአባትዎ ሐኪም ወይም ለክሊኒኩ ሶሻል ወርከር ነው።

ረዳት ከመላኩ በፊት ግምገማ አለ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው። ገምጋሚዋ «ራስዎን ያጥባሉ?» ስትል የእኛ አባቶች ምን እንደሚመልሱ እናውቃለን። ከረባታቸውን አስረው፣ ቡና አስፈልተው ይጠብቋትና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለኝም» ይሏታል። በእንግዳ ፊት ጓዳ አይከፈትማ! እርሷም የሰማችውን ጽፋ ትሄዳለች፤ የረዳቱ ሰዓት የሚወሰነው በዚያ ነው። አንድ አዛውንት «ምግቤን የማበስለው ራሴ ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጃቸው ቃጠሎ ፈርታ ምድጃውን ከነቀለችው ግን ሦስት ወር ሆኖት ነበር።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሥተው ወጡ፣ መድኃኒታቸውን ማን አስታወሳቸው፣ ማን አጠባቸው። በግምገማው ቀን አንዳችሁ ከሥራ ቅሩ። ወረቀቱን ለገምጋሚዋ ለብቻዋ ስጧት፤ አባትን ፊታቸው ላይ ማሳፈር አያስፈልግም።

እኔው ልጃቸው ባስታምማቸው ይከፈለኛል? እንግሊዝኛውም እየጠፋባቸው ነው፤ ከማያውቁት ረዳት ጋር አይግባቡም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለአረጋዊው ራሱ በጀት ተመድቦለት ረዳቱን መርጦ የሚቀጥርበት ነው፤ ልጁን ወይም ጎረቤቱን መቅጠር ይችላል። አማርኛ የሚያወራ፣ ሽሮ የሚያውቅ ሰው የሚገኘው በዚህ ነው። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ነገር ግን በሁሉም የቪኤ ሆስፒታል ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው ለቤተሰብ አስታማሚ በየወሩ የሚከፈል አበል ነው። ለዚህ ከውትድርናው የመጣው ጉዳት በቪኤ ዘንድ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መመዝገብና ቢያንስ ለ6 ወር የቅርብ እርዳታ ማስፈለግ አለበት። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በየትኛውም ዘመን ያገለገለ ሰው ማመልከት ይችላል።

እናቴ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር አግብታ ነው የመጣችው። ባሏ ሞቷል፤ ቬትናም ግን አልዘመተም። ለእርሷ የሚሆን ነገር አለ?

ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው በጦርነት ዘመን ማገልገልን እንጂ ጦር ሜዳ መዋልን አይደለም። ቬትናም ላልረገጠ ሰው ዘመኑ ከኦገስት 5 ቀን 1964 እስከ ሜይ 7 ቀን 1975 ነው። ባለቤቷ 90 ቀን አገልግሎ አንዷ ቀን እንኳ በዚያ ውስጥ ብትውል ይበቃል። እናትዎ ሌላ ባል ካላገቡና ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ለመበለቶች የሚሰጠውን ጡረታ ይጠይቁ። የሰው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ በላዩ «ኤይድ ኤንድ አቴንዳንስ» የሚባል ጭማሪ አለ። ለረዳት የሚከፍሉት ወጪ ከገቢያቸው ስለሚቀነስ «ገቢዋ ይበዛል» ብላችሁ ቀድማችሁ አትተዉት። የሀብት ጣሪያም አለ፤ ከዲሴምበር 2024 እስከ ኖቬምበር 2025 በነበረው ስሌት 159,240 ዶላር ነበር። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም።

አንድ ሰው 2,000 ዶላር ከከፈላችሁኝ የጡረታውን ወረቀት እጨርሳለሁ፣ የእናታችሁንም ገንዘብ በልጆቿ ስም አዙሩ አለን።

አትክፈሉ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። ከወታደር ማኅበራት እውቅና ያላቸው ወኪሎች በነፃ ይሠሩታል። ገንዘቡን ማዞርም ወጥመድ ነው፤ ቪኤ የ3 ዓመት ዝውውር ወደ ኋላ ይመረምራል።

አያቴ የቃኘው ሻለቃ አባል ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል። ከአሜሪካኖች ጎን ነው የተዋጉት፤ አሁን ከእኛ ጋር ቨርጂኒያ ናቸው።

ይህን ስመልስ ይከብደኛል። የተዋጉት በኢትዮጵያ ጦር ስም በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ስለሆነ ቪኤ እንደ ራሱ ወታደር አይቆጥራቸውም። የቤት ውስጥ ረዳት ለማግኘት በቨርጂኒያው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) በኩል ጠይቁ።

ነርሲንግ ሆም ግድ ከሆነስ?

የውትድርና ጉዳታቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የሚያስገባቸው ራሱ ያ ጉዳት ከሆነ፣ ቪኤ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለሌሎቹ እንደ ቦታውና እንደ ገቢያቸው ነው፤ ከ21 ቀን በኋላ በቀን እስከ 97 ዶላር ሊጠየቁ ይችላሉ። ክፍለ ግዛቶችም የራሳቸው የወታደር መጦሪያ አላቸው፤ የሜሪላንዱ ሻርሎት ሆል ነው። ለሁሉም ማመልከቻ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ያስፈልጋል። አባቶች ብዙውን ጊዜ ከዳዊታቸው ጋር ነው የሚያስቀምጡት፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። ከጠፋ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ብዙውን ጊዜ በነፃ ቅጂ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለዚያም ለደላላ ገንዘብ አትክፈሉ።