ስለ ሂርማታ ገበያ ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ሂርማታ ገበያ መጻፍ እፈልጋለሁ። የውጭ አገር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ፌሎውሺፕ (የምርምር ድጋፍ) ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። ያለኝ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ልሞክር ይሆን?
መምህርት፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። እኔም የዚያው የጅማ፣ የመንደራ ሰፈር ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ስለ ሂርማታ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከጎንደር ሳይቀር ሲራራ ነጋዴ ይመጣበት የነበረ ገበያ እኮ ነው!

በግልጽ ልንገርሽ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው የክሉግ ፌሎውሺፕ ዶክትሬት ወይም በሙያው የመጨረሻውን ዲግሪ ይጠይቃል። እሱን ለጊዜው ተይው። የትኛውም ጋ ብታመለክቺ ደግሞ "እኛ ጋ ካለው የቱን ልታዪ ነው?" መባልሽ አይቀርም። "የጅማን ታሪክ" ብትዪ አይበቃም። ጥያቄሽን አጥብቢው። ለምሳሌ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ሲያደርጋት ገበያው ምን ሆነ? ይሄ ወደ ሮም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይወስድሻል። ካታሎጉን እዚያው ጅማ ሆነሽ በስልክሽ ማየት ትችያለሽ። ጣሊያኖች ጅማን በ"ጂ" (G) ፊደል ይጀምራሉ፣ እንግሊዞች በ"ጄ" (J)፣ ፈረንሳዮች ከ"ጄ" ፊት "ዲ" (D) ይጨምራሉ። በአንዱ ብቻ ከፈለግሽ ብዙ ያመልጥሻል።

ከሮም በፊት ግን አዲስ አበባ። ወመዘክር፣ ማለትም የእኛው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ለእሱ ቅጂ እንዲያስገቡ ሕግ አለ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ስለሆነ የጅማንና የቡናን ወሬ በእሱ ተከታተይ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም አትዝለዪ። ከትምህርት ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የድሮ ነጋዴዎች ደረሰኝ፣ ውልና የዓረብኛ ደብዳቤ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ምስጥ እየበላው ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለመጥፋት የተቃረቡ ሰነዶችን በዲጂታል ለመቅዳት ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ዋናው ሰነድ ከአገር አይወጣም፤ ቅጂውን ማንም በነፃ በኢንተርኔት ያየዋል። ለአንቺ ከፌሎውሺፑ ይልቅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰዎች ጋር ተነጋገሪና አብራችሁ አመልክቱ። እስከዚያው የገበያውን ሽማግሌዎች አናግሪ። ሳጥኑ ማን ቤት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።