መስታወት ላይ የሚለጠፈው የጣና ዓሣ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አስጋሪ አጎቴ ከጣና ጣት የምታክል ጠቆር ያለች ዓሣ አመጣልኝ። አኳሪየሙ መስታወት ላይ ተለጥፋ ነው የምትውለው። ምንድን ናት? ስንት ታወጣለች?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስትለጠፍ ሆዷን በመስታወቱ በኩል እያት። ከአፏ ሥር ክብ መለጠፊያ ካላት «ጋራ» (Garra) የሚባለው የዓሣ ወገን ናት፤ ከዚህ ወገን መካከል «ጋራ ጣና» የተባለችው በሳይንስ የተመዘገበችው ገና በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፣ የምትገኘውም ጣና ብቻ ነው። መለጠፊያ ከሌላት ግን በጣና «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ዓሣ ጫጩት ልትሆን ትችላለች፣ እሱ ደግሞ ሲያድግ ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ለአኳሪየም አይሆንም።

ዋጋውስ? ብርቅ ስለሆነች ብቻ ውድ አትሆንም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ስሟና የተያዘችበት ቦታ ሲረጋገጥ ነው። ማስመሪያ አስጠግተህ ጎኗንም አፏንም ፎቶ አንሳና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ላሉ የዓሣ ባለሙያዎች አሳያቸው። ከዚያ በፊት ዋጋ እንዳትቆርጥ! እኔን ከጠየቅከኝ ግን ባትሸጣት ይሻላል።