ስክሪን ሪደሩ ለምን ዝባዝንኬ ያነባል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ኮሌጅ አስተምራለሁ፣ የአማርኛ ኖቴን ሙድል ላይ (ተማሪዎች ኖት የሚያገኙበት ድረ ገጽ) እጭናለሁ። አይነ ስውር ተማሪዬ ግን በኤንቪዲኤ (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር) ሲከፍተው ዝባዝንኬ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚያነብለት፣ እኔ ጋ ደሞ ጥርት ብሎ ይታያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ በድሮ የግዕዝ ፎንት የጻፉት ይመስለኛል። እነዛ ፎንቶች ከስር ኮዳቸው የላቲን (የእንግሊዝኛ ፊደል) ነው፣ ላዩን ብቻ "ሀ" አርገው ያሳዩናል፣ ስክሪን ሪደሩ ደሞ የሚያነበው ኮዱን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ኮድ የሚሰጠው መስፈርት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩትና በኒያላ ፎንት ያስቀምጡት። ስካን ያረጉት ፒዲኤፍ እንዳይጭኑ አደራ፣ እሱ ፎቶ ስለሆነ ምንም አይነበብለትም። ርዕሶቹንም ቦልድ አርገው ብቻ አይተዉአቸው፣ ወርድ ላይ ከስታይልስ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 እያሉ ይስጧቸው፣ ተማሪዎ ኤች (H) የምትለዋን ቁልፍ እየተጫነ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል፣ አለዚያ የፈተና ሰሞን አንዲት አንቀጽ ፍለጋ ሙሉውን ኖት ከላይ ጀምሮ ሊሰማ ነው።