አራት ደቂቃዋን ያየው ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ጋዜጠኛ ደወለችልኝ። ማስታወቂያ ክፍል መድበዋት ከፍቷታል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የተማርኩት ዜና ለመጻፍ ነው» አለችኝ። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልድገመው፤ ብዙዎቻችሁ እዚያው ናችሁና።

እኔም የጀመርኩት ከጨረታ ገጽ ነው። አንድ ቀን የመዝጊያ ቀኑን 16 የነበረውን 19 ብዬ አሳተምኩት። ሰነዱን ታቅፈው ሦስት ቀን ዘግይተው የመጡትን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሴይቾ ማትሱሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ደራሲ ነበር። ጋዜጣ ቤት ስለሠራ ብዙዎች ጋዜጠኛ ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ኮኩራ ከተማ፣ በአሳሂ ጋዜጣ ቅርንጫፍ፣ የማስታወቂያ ንድፍ መሥራት ነበር። በ1909 (እ.ኤ.አ.) ከድሃ ቤት ተወልዶ፣ ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ፣ ተላላኪም የማተሚያ ቤት ሠራተኛም ሆኗል። ከጦርነቱ በኋላ ደመወዙ አልበቃ ሲል በእረፍት ቀኑ በባቡር እየዞረ መጥረጊያ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያ ታሪኩን ለውድድር ሲልክ 40 ዓመት ሞልቶታል። በ1953 ትልቁን የጃፓን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ አኩታጋዋን፣ ወሰደ። ታዲያ በማግስቱ መልቀቂያ አላስገባም። ጋዜጣ ቤቱን የተወው በ1956 ነው። ቤተሰብ ያስተዳድራላ!

ስሙን የተከለው «ነጥቦችና መስመሮች» የተሰኘው የወንጀል ልብ ወለድ፣ ከ1957 ጀምሮ በአንድ የጉዞ መጽሔት በተከታታይ ወጣ። መነሻው የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ነው። በቶኪዮ ጣቢያ 13ኛው መስመር ላይ ቆማችሁ 15ኛው ላይ የቆመውን ባቡር ልታዩ ብትሞክሩ፣ መሀል ላይ ሌሎች ባቡሮች ይጋርዷችኋል። በዚያ ልብ ወለድ ግን ከ11፡57 እስከ 12፡01 አመሻሽ ላይ እይታው ክፍት ይሆናል። አራት ደቂቃ ብቻ! ታዲያ ሁለት ሰዎች ባቡር ሲሳፈሩ በዚያች ቅጽበት «በአጋጣሚ» ከታዩ፣ እንዲታዩ ያመቻቸው ማነው? ሰሌዳው በሁሉም ሰው እጅ ነበር። መጥረጊያ ሲሸጥ ጣቢያ ለጣቢያ ያሳለፈው ጊዜ ዓይኑን የሳለለት ይመስለኛል።

እኔ ይበልጥ የምወድለት ግን በኋላ የሠራውን ነው። ወደ ጥንታዊ ታሪክ ገባ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የቻይና መዝገብ፣ ንግሥት ሂሚኮ ወደምትገዛው ወደ ጥንታዊው የጃፓን ግዛት ወደ ያማታይ የሚወስደውን መንገድ ይናገራል። ወደ ደቡብ በውኃ አሥር ቀን፣ በየብስ አንድ ወር ይላል። እንደ ቃሉ ብትሄዱ ባሕር ውስጥ ትገባላችሁ። ገሚሱ ምሁር አቅጣጫውን አስተካክሎ አገሪቱን ወደ መካከለኛው ጃፓን፣ ወደ ናራ አካባቢ ይወስዳታል። ገሚሱ ርቀቱን አሳጥሮ በደቡብ ምዕራቧ ደሴት በኪዩሹ ላይ ያስቀምጣታል። ማትሱሞቶም ኪዩሹ ነው ከሚሉት ወገን ነበር። ግን ቁጥሮቹን ከማቃናት ይልቅ ራሳቸውን ቁጥሮቹን ጠረጠረ፤ ተለክተው የተገኙ ሳይሆኑ እንዲያው ለአነጋገር ማሳመሪያ የተደረደሩ ናቸው አለ። ልክ የተጠርጣሪን ቃል እንደሚመረምር ፖሊስ ማለት ነው። ሁሉም ምሁር አልተቀበለውም፤ ክርክሩ ዛሬም አለ።

ልጅቷን «በይ የነገውን የጨረታ ገጽ ላኪልኝ» አልኳት። እያጉረመረመችም ቢሆን ላከችው። መነጽሬን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛው ማስታወቂያ ላይ ያለው የመዝጊያ ቀን እሑድ ላይ ይውላል።