ጎቲንገን ትንሽ ናት ብለሽ አትተዪያት

ሰላም እህቴ። «ጀርመን ካለው ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ማስተርስ አድሚሽን መጣልኝ፤ ሰው ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ሙኒክ ይሻልሻል ይለኛል» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያው ስለተማርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ትንሽ መሆኗ እውነት ነው። ሕዝቧ 120 ሺህ ገደማ ነው። በምርምር ግን ስሟ ከባድ ነው። በጀርመን ብዙ የምርምር ተቋማትን የሚያስተዳድረው የማክስ ፕላንክ ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው እዚያ ነው። ዛሬም የፀሐይ ሥርዓትን የሚያጠናው የማኅበሩ ተቋም፣ ከማኅበሩ ውጭ ደግሞ የጀርመን የጦጣና የዝንጀሮ ምርምር ማዕከልና የጀርመን ኤሮስፔስ ማዕከል ቅርንጫፍም እዚያው ናቸው። ላንቺ ዋናው ፋስበርግ ኮረብታ ላይ ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ነው። የማይክሮስኮፕ ተመራማሪው ስቴፋን ሄል እ.ኤ.አ. በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው እዚያ እየሠራ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማክስ ፕላንክ ዲግሪ አይሰጥም። ዲግሪሽ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ቴሲስሽን ግን ተቋሙ ውስጥ መሥራት ትችያለሽ። እዚያ ላብ የሚመሩት ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲውም ውስጥ ያስተምራሉ። ጠዋት ሌክቸር የሰጠሽን ሰው ከሰዓት ላቡ ሄደሽ ታገኚዋለሽ። እኔ ቴሲሴን የሠራሁት እንደዚያ ነው። ማይክሮስኮፑ ሲያስቸግረኝ፣ ገጣጥመው የሠሩት ሰዎች ፎቅ ላይ ስለነበሩ ወርደው ያዩልኝ ነበር። ይህንን ዕድል በቀላሉ አታገኚውም።

ከተማዋም ለተማሪ ክብር አላት። አንድ ሰው ዶክትሬቱን ሲጨርስ የላብ ጓደኞቹ በእጃቸው የሠሩትን ባርኔጣ ያደርጉለታል፣ ባጌጠ ጋሪ እየጎተቱ ወደ አደባባዩ ይወስዱታል። እሱም ፏፏቴው ላይ ወጥቶ ዝይ ጠባቂዋን ልጅ፣ የጌንዘሊዝልን ሐውልት፣ ይስማል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሙኒክም ዳሯ ላይ ባለችው ማርቲንስሪድ አሪፍ የምርምር ተቋማት አሏት፤ አላጣጥላትም። የቤት ኪራዩ ግን ወገብ ይቆርጣል። ጎቲንገን ሐበሻ ብዙ የለም። እንጀራ ሲያምርሽ ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ ሊኖርብሽ ይችላል። ላብ ውስጥ እንግሊዝኛ ይበቃሻል፤ ለቀረው ኑሮ ጀርመንኛ ከአሁኑ ጀምሪ።

ከወሰንሽ የተማሪ ዶርም ዛሬውኑ አመልክቺ፤ ጥቅምት ላይ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። ከዚያ ደስ ያለሽን አንድ ላብ ምረጪና በቅርብ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብበሽ፣ የገባሽንና ልትጠይቂያቸው የፈለግሽውን በአጭሩ ጻፊላቸው። አንድ ዓይነት ኢሜይል ለሁሉም አትበትኚ፤ ወዲያው ያውቁታል። ረቂቁን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።