የልብ ምት መለኪያ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ከጅማ የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

እሑድ ጠዋት ከስታዲየም ተነሥተን ወደ ጅሬን ኮረብታ በምናደርገው የሩጫና የእርምጃ ልምምድ ላይ አንድ ወዳጃችን የልብ ምት የሚለካ አዲስ ሰዓት አስሮ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አላቋረጠም። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። የደረት ቀበቶውንም የእጅ ሰዓቱንም ገዝቼ ለዓመታት ስለተጠቀምኩባቸው፣ መጀመሪያ ላይም ስለተሳሳትኩባቸው፣ የተጠየቅኩትን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን የልብ ምት በጣታችሁ መቁጠር ልመዱ። ሌባ ጣትንና መሀል ጣትን በእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ጎድጎድ ያለ ቦታ አሳርፉ። ምቱን ስታገኙ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታችኋል። የማንኛውም መሣሪያ መፈተኛ ይህ ነውና ከታችም ደጋግሜ እጠቅሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ የደረት ቀበቶ ልግዛ ወይስ የእጅ ሰዓት? ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ ነው?

አይደለም፣ ወንድሜ። የሚለኩት ነገር ራሱ ይለያያል።

ቀበቶው ልብ በተኮማተረ ቁጥር የሚፈጠረውን ደካማ ኤሌክትሪክ ከደረት ቆዳ ላይ ይቀበላል። በሐኪም ቤት ኢሲጂ የምንለው ምርመራ የሚሠራበት መንገድ ነው። ለዚያ ምርመራ መሠረት የጣለው ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ምቱን ከደረት ላይ ያለ ሽቦ ወደ እጅ ሰዓት የሚልከውን መሣሪያ በ1982 ለገበያ ያወጣው ደግሞ ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ነው።

የእጅ ሰዓቱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ስለዚህ ልብ ደም በረጨ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን መዋዠቅ ነው። ችግሩ እጅ ሲወዛወዝና ሰዓቱ ሲንሸራተትም ብርሃኑ መዋዠቁ ላይ ነው። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣል፤ ሰዓቱም አንዳንዴ ኮቴውን የልብ ምት አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ከጅሬን ቁልቁል ቀስ ብለን እየወረድን ነበር፣ እያወራሁም ነበር፤ ሰዓቴ 174 ይላል። ቆሜ በጣቴ ብቆጥር 128። ያን ቀን ቁጥሩን አምኜ ቢሆን ኖሮ «ደክሜያለሁ» ብዬ ልምምዱን ባቋረጥኩ ነበር።

ስለዚህ ምርጫው በልምምዳችሁ ዓይነት ይወሰናል። በአንድ ፍጥነት ለሚሄድ እርምጃ፣ ለዘገምተኛ ሩጫና ባለበት ቆሞ ለሚረገጥ ብስክሌት ጥሩ ሰዓት ይበቃል። ዳገት እየሮጡ መውጣት፣ ማረፍ፣ እንደገና መውጣት ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ቀበቶ። ምቱ በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ እናንተ ዳገቱን ጨርሳችሁ ስታርፉ እርሱ ገና የዳገቱን ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል። ደስ የሚለው ደግሞ ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ከመልካም ሰዓት ይልቅ ዋጋው ዝቅ ያለ መሆኑ ነው፤ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ስለሚገናኝ ሰዓት የግድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ቀበቶ አለኝ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቁጥሩ ያብዳል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ምን ሆኖ ነው?

ደርቆ ነው። ኤሌክትሪኩ ከቆዳ ወደ ቀበቶው የሚሻገረው በእርጥበት ነው፤ ላብህ ሲመጣ የሚስተካከለውም ለዚህ ነው። ከማሰርህ በፊት ከውስጥ በኩል ያሉትን ሁለት የላስቲክ ንጣፎች በውኃ አርጥብ፣ ከጡትህ ዝቅ አድርገህ ጠበቅ አድርገህ እሰር። ከልምምድ በኋላ ቁልፍ የመሰለውን መሣሪያ ከቀበቶው ንቀለው። ተያይዘው ከቆዩ እርጥበቱ እንደ ቆዳ ሆኖ ያታልለዋል፣ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል። ጨርቁን በውኃ እጠበው፤ የላብ ጨው ከማንኛውም ነገር በላይ የሚገድለው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ በጥቁር ቆዳ ላይ ሰዓቱ አይሠራም ይባላል። እውነት ነው?

ጥያቄው መሠረት አለው፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። የጥናቶቹ ውጤት ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት በቆዳ ቀለም ምክንያት ጎላ ያለ ልዩነት አላገኙም፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ስሕተቱ ከእረፍት ጊዜው በአማካይ በ30 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ አስተሳሰሩ ያሳስብህ። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ወይም ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ፣ እንዳይንሸራተት ግን ደም እንዳያግድ አድርገህ እሰረው። በእጅ አንጓ ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ግን ይጠንቀቁ፤ የንቅሳት ቀለም ብርሃኑን ሊከለክለው ይችላል። ሰዓቱ ንቅሳት በሌለበት እጅ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ከገበያ በርካሽ የገዛሁትን ሰዓት ሙዝ ላይ ሳስረው የልብ ምት 80 አለኝ። ተታለልኩ ማለት ነው?

በሙዙ ብቻ አትፍረድ። ብርሃን የሚመልስ ነገር ሁሉ የጥሩ ኩባንያ ሰዓትንም ሊያሳስት ይችላል። ፈተናው ይህ ይሁን፦ 5 ደቂቃ ተቀምጠህ በጣትህ ቁጠር፣ ከሰዓቱ ጋር አስተያይ። ከዚያ ደረጃ ሮጠህ ውጣ፤ እንደቆምክ ለ15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛና እንደገና አስተያይ። ሦስት ጊዜ ድገመው። እኔ ለራሴ የያዝኩት ልክ፣ በእረፍት ከ5 በላይ፣ ከደረጃው በኋላ ከ10 በላይ የሚሳሳት ሰዓት ለልምምድ አይሆነኝም የሚል ነው። ሁልጊዜ ከ70 እስከ 90 መካከል ብቻ የሚዋልል ከሆነ ግን መልሰው።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት መምህርት ነኝ። ከ220 ዕድሜዬን ስቀንስ 168 ይመጣል። የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። በስንት ልራመድ?

እትዬ፣ ከቁጥሩ በፊት መድኃኒቱን እንይ። የሚወስዱት አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም የዚያ ወገን ከሆነ የልብን ምት አውቆ ያወርደዋል። እርስዎ በጣም ደክመው እንኳ ምትዎ ሊደርስ ይችል ከነበረው ላይደርስ ይችላል። በስሌት የተገኘን ቁጥር ለመድረስ መታገል ለእርስዎ ጉዳት ነው። ሳጥኑን ይዘው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ልምምድዎንም በትንፋሽ ይለኩ። አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር መነጋገር የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት መካከለኛ ልምምድ ነው።

መድኃኒቱ ከዚያ ወገን ካልሆነ ስሌቱን እንሞክረው። 220 ሲቀነስ ዕድሜ፣ ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለውን ጣሪያ ለመገመት የቆየ ልማድ ነው። በ2001 የወጣው ሌላ ቀመር ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል፤ ለእርስዎ 172 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም የብዙ ሰው አማካይ ናቸው፤ የእርስዎ እውነተኛ ጣሪያ ከዚያ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚቆጥሩት ምት 70 ነው እንበል። ከ172 ላይ 70 ሲነሣ 102 ይቀራል። የዚህን 40 በመቶና 59 በመቶ ወስደው 70 ሲጨምሩበት ከ111 እስከ 130 ያገኛሉ። መካከለኛ የሚባለው ልምምድ በዚህ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ከዚህ ዓይነቱ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። ትንፋሽዎና ቁጥሩ ካልተስማሙ ትንፋሽዎን ይመኑ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሂጃብና ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው የምሮጠው። የደረት ቀበቶ አይመቸኝም፣ ሰዓቱም በእጅጌዬ ይጋረዳል።

እህቴ፣ ለአንቺ የሚሆን ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ክንድ ላይ የሚታሰር። እንደ ሰዓቱ በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን የላይኛው ክንድ ሥጋው የሞላ፣ መወዛወዙም ያነሰ ስለሆነ ንባቡ ከእጅ አንጓ የተሻለ ይሆናል። የፖላር ቬሪቲ ሴንስ አንዱ ነው። ከእጅጌሽ ሥር ታስሪዋለሽ፣ ቁጥሩን በስልክሽ ታያለሽ፤ ልብሱ የውጭውን ብርሃን ስለሚከልልልሽ እንዲያውም ይጠቅምሻል። በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት የምትሮጪ ከሆነ ደግሞ ምትሽ ከወትሮው ከፍ ቢል አትደንግጪ። ውኃ ሲጎድል የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብም በምት ብዛት ያካክሳል። ፍጥነትሽን ቀንሺ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሄጄ በለመድኩት ፍጥነት ስሮጥ ምቴ ከፍ ይላል። ሰዓቱ ተበላሸ?

አልተበላሸም። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ ልብ ደጋግሞ ይመታል። ጥቂት ቀን ስጠው።

ጥያቄ፦ ቡናና ጫት ቁጥሩን ያዛቡታል?

ሁለቱን አትደባልቁብኝ። ቡና ዘወትር በሚጠጣ ሰው ላይ የምት ለውጡ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። እኛ ጅማዎች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ነው የምንውለው፤ ስለዚህ የእረፍት ምታችሁን ከመጀመሪያው ስኒ በፊት ቁጠሩና ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት አድርጉት። ያን ጊዜ ቁጥሩ ከቀን ቀን ይነጻጸራል።

ጫት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ምትንም የደም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ከቃመ በኋላ የሚሮጥ ሰው ልቡ ላይ ሁለት ጭነት ይጭናል። ማታ «ሰዓቴ 150 ይላል፣ ገና እያሟሟቅኩ ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ ሰዓቱ እውነቱን ነው የነገረህ። የቃምክ ዕለት አትሩጥ። ይህን የምልህ ስለምሳሳልህ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ 600 ካሎሪ አቃጥለሃል አለኝ። ልመነው?

አትመነው። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። አብዛኞቹ የልብ ምትን ደህና አድርገው ለኩ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ 93 በመቶ ተሳሳተ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ምን ብዬ ልላክበት? መብራት እንደሚጠፋብንም አስብልኝ።

መብራቱን ማሰብህ ጥሩ ነው፤ ሰዓትና የክንድ መለኪያ ቻርጅ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የደረት ቀበቶዎች ግን በሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ለብዙ መቶ ሰዓት ይሠራሉ። ሲአር 2032 የሚወስደውን ዓይነት ብትመርጥ ይህ ባትሪ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ስለሆነ ከኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ አይጠፋም። የፖላር ኤች 10 የሚወስደው ሲአር 2025 ነው፤ ቀጠን ያለ ነውና አንዱን በሌላው አትተካ።

ለዘመድህ ይህን ጻፍለት፦ በብሉቱዝ የሚሠራ ይሁን፣ ጨርቁ ለብቻው የሚለወጥ ይሁን፣ የደረትህን ዙሪያ በሜትር ለክተህ ልኬቱን ላክለት። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ከራሱ ኩባንያ ሰዓት ጋር ብቻ የሚነጋገር የድሮ ዓይነት አለመሆኑን ይጠይቅ። የአንተ ስልክ አንድሮይድ ከ4.3 በታች ከሆነም አዲሶቹን ቀበቶዎች አያገኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ለትምህርት ቤት ውድድር ሲሮጥ ልቡ በልብሱ ላይ ሲመታ ይታያል፣ ቶሎ ያለከልካል፣ ሌሊትም ትራስ ደርቦ ነው የሚተኛው። የትኛውን መለኪያ ልግዛለት?

እናቴ፣ ምንም አይግዙ። ያ ገንዘብ ለምርመራ ይሁን። በአገራችን ልጆች ላይ በደንብ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ከጊዜ በኋላ የልብን በሮች ሊጎዳ ይችላል፤ ሪህ የልብ ሕመም የምንለው ነው። የነገሩኝ ሁሉ ከእርሱ ላይመጣ ይችላል፤ የደም ማነስም ልብን ያስሮጣል። ይህን ግን ሰዓትም ቀበቶም አይለይም። የሚለየው ሐኪም በማዳመጫው፣ ከዚያም ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ሊልኩት ይችላሉ። በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው እንደነበር፣ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቅ እንደሆነ አስታውሰው ይንገሯቸው። ውጤቱ እስኪታወቅ አይሩጥ። ለስፖርት መምህሩ እኔ እነግረዋለሁ።